ከካዛንቺስ እስከ ካኖሳ፦ ሄንሪ የተባለው ስም



ከ1999 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በካዛንቺስ መንደሮች ውስጥ ጀርባው ላይ 14 ቁጥርና «ሄንሪ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ቀይ ማሊያ የለበሰ ልጅ ማየት ብርቅ አልነበረም። (በዚህ ዲስኩር ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የዓመቱ ቁጥር የአውሮፓውያን ነው።) የጨርቅ ኳስ የሚያባርር ልጅ ጎል ሲያገባ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ የሚጠራው ስም ይኸው ነበር። ልጆቹ ስሙን ያወቁት ከአርሰናል ነው። ስሙ ግን አርሰናል የተባለው ክለብ በ1886 ከመመሥረቱ ከ900 ዓመት በላይ አስቀድሞ ዘውድ ደፍቶ ነበር።

እንዲያውም የተጫዋቹ የቲዬሪ ሄንሪ ሁለቱም ስሞች የነገሥታት ናቸው። ቲዬሪ የሚለው የፈረንሳዮች አጠራር ሲመረመር ቴዎዶሪክ ሆኖ ይገኛል፤ በጥንት ጀርመናውያን ቋንቋ «የሕዝብ ገዢ» ማለት ነው። በዚህ ስም የሚታወቀው የኦስትሮጎቶች ንጉሥ ራቬና ተቀምጦ ጣሊያንን ሲገዛ ኖሮ በ526 ሞተ። የድንጋይ መቃብሩ ዛሬም እዚያው ከተማ ቆሟል። ይህ ዘመን የእኛው ዐፄ ካሌብ ሠራዊታቸውን በመርከብ ጭነው ቀይ ባሕርን የተሻገሩበት፣ ሂምያርን የወጉበት ዘመን ነው። ካሌብም ሌላ ስም ነበራቸው፤ እለ አጽብሐ ይባላሉ፣ ንጋትን ያመጣ እንደማለት። በራቬና «የሕዝብ ገዢ»፣ በአክሱም «ያነጋ»፤ ሁለቱም በአንድ ትውልድ ውስጥ ነገሡ።

የተጫዋቹ ወላጆች የመጡት ፈረንሳይ ከምትገዛቸው የካሪቢያን ደሴቶች፣ ከጓዴሎፕና ከማርቲኒክ ነው። በጀርመን ደን ውስጥ የተወለደ ስም በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት አልፎ፣ በለንደን ሜዳ ላይ ገንኖ፣ ካዛንቺስ ደረሰ።

ሄንሪ የሚለው ስም ሲነሣ ሃይሚሪክ ነበር። ሁለት ቃላት ተጋብተው የወለዱት ነው። የመጀመሪያው «ሃይም» ቤት፣ መኖሪያ፣ ቀዬ ማለት ሲሆን እንግሊዝኛው «ሆም» ዘመዱ ነው። ሁለተኛው «ሪክ» ገዢ፣ ኃያል ማለት ነው። ላቲኖች ንጉሥን «ሬክስ» ሲሉ፣ ጀርመኖች መንግሥትን «ራይሽ» ሲሉ፣ ቃሉ ከዚሁ ዘር ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «የቤት ገዢ» ይሆናል። አማርኛ ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም፤ ባለቤት የሚለው አለ። አባወራ የሚለውም አለ። አንድ ሐበሻ ስሙን በራሱ ቋንቋ ልተርጉመው ቢል «ሄንሪ ስምንተኛ» ያው «ባለቤት ስምንተኛ» ነው።

የጥንት ጀርመናውያን ስም አወጣጥ እንደ ግንበኛ ሥራ ነበር። «ሪክ»፣ «ዊል»፣ «ፍሪድ»፣ «በርት»፣ «ሃርድ» የመሳሰሉ የተጠረቡ ቃላት አሉ፤ ወላጅ ከእነዚህ ሁለቱን ያነባብራል። ሪክንና ሃርድን ያጋጠመ ሪቻርድን አገኘ። ፍሪድንና ሪክን ያጋጠመ ፍሬድሪክን አገኘ፤ የሰላም ገዢ። ብዙ ጊዜ አንዱ ቃል ከአባት፣ ሌላው ከእናት ወይም ከአያት ስም ይወሰዳል። ስለዚህ ስሙ ትርጉም ብቻ ሳይሆን የዘር ምልክትም ነበር። በእኛ ዘንድ ግእዙ ቃላቱን የሚያገናኘው በዘርፍ ነው፤ ኃይል የነበረው «ኃይለ» ይሆንና ሥላሴን ይጠጋል፤ ገብር የነበረው «ገብረ» ይሆንና መስቀልን ይጠጋል። የጀርመኑ ስም ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን ያቆማል፤ የግእዙ አንዱን ቃል ለሌላው ያስገዛል። ይህ ልዩነት የሰዋስው ብቻ አይደለም፤ ኋላ ዙፋን ላይ ሲወጣ ይታያል።

ስለ ቤት ከተነሣ፣ የአዲስ አበባው ሰፈር ካዛንቺስ ራሱ ስሙን ያገኘው ከቤት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941፣ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» በሚል ምህፃረ ቃል የሚጠራ ተቋም ነበር። በጣሊያንኛ «ካዘ» ቤቶች ማለት ነው። ካዘ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ በአዲስ አበቤ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። ትንሽ ወረድ ሲሉ የሚገኘው ፖፖላሬም የዚሁ ዘመን ትዝታ ነው፤ የሕዝብ ቤቶች ከሚለው የጣሊያንኛ ስም የቀረ ነው። ክፍለ ከተማው የሚጠራበት ቂርቆስ ደግሞ ከግሪክ የመጣ፣ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነው ሕፃን ስም ነው። ፈረንሳዮች ይህንኑ ቅዱስ ሳን ሲር ይሉታል፤ ዕውቁ የመኮንኖች ትምህርት ቤታቸው የሚጠራውም በእርሱ ስም በተሰየመችው ከተማ ነው። ሕዝብ የሰማውን ስም በራሱ ምላስ አሽቶ የራሱ ያደርገዋል። ሃይሚሪክም በጀርመን ሃይንሪሽ፣ በፈረንሳይ ኦንሪ፣ በጣሊያን ኤንሪኮ፣ በስፔን ኤንሪኬ፣ በእንግሊዝ ሄንሪ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ ስም የነገሠው የመጀመሪያው ታላቅ ሰው በ919 የጀርመኖች ንጉሥ የሆነው ሃይንሪሽ ነው። ወፍ አዳኝ በሚል ቅጽል ይታወቃል፤ የመንገሡ ዜና የደረሰው የወፍ መረብ ሲያዘጋጅ ሳለ ነው ተብሎ ይተረካል። ከእርሱ ዘር የሆነው ዳግማዊ ሃይንሪሽ ቄሣር ሆኖ በ1024 ሞተ፤ የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1146 ቅዱስ አለችው። ንጉሥም ቅዱስም መሆን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም። ላሊበላ አለ፤ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ፤ ነአኵቶ ለአብ አለ።

ከሃይንሪሾች ሁሉ በታሪክ ጎልቶ የቀረው ግን ቅዱሱ ሳይሆን ራብዓዊው ነው። ጳጳሳትን ማን ይሹም በሚለው ጥያቄ ከሮማው ሊቀ ጳጳስ ከጎርጎርዮስ ሰባተኛ ጋር ተጣላ። ሊቀ ጳጳሱ በ1076 አወገዘው። የተወገዘ ንጉሥ የሚገዛለት መኳንንት የለም፤ ጀርመኖቹ መሳፍንት በዓመት ውስጥ ውግዘቱ ካልተነሣለት ሌላ እናነግሣለን ብለው ዛቱ። በ1077 ጥር ወር ሃይንሪሽ የአልፕስን ተራራ በበረዶ ተሻግሮ በሰሜን ጣሊያን ካኖሳ ከሚባለው አምባ ሥር ደረሰ። ሊቀ ጳጳሱ ውስጥ ነው። ንጉሡ የንስሐ ልብስ ለብሶ፣ ባዶ እግሩን፣ በበረዶ ላይ ሦስት ቀን ደጅ ጠና። በመጨረሻ በሩ ተከፈተለት፤ ውግዘቱም ተነሣ። የስሙ ትርጉም የቤት ገዢ የሆነ ሰው፣ በሰው ቤት በር ላይ ሦስት ቀን ቆመ። እስካሁን በጀርመንኛ «ወደ ካኖሳ መሄድ» ማለት አንገትን ደፍቶ ይቅርታ መለመን ነው።

በኢትዮጵያም ንጉሥና መነኩሴ ተፋጠዋል። ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻቸው የገሠጹት እነ አቡነ አኖሬዎስ ተገርፈው ተሰደዱ፤ በዚያ ጊዜ ደጅ የጠናው ንጉሡ አልነበረም። የሚገርመው ግን የዓምደ ጽዮን የንግሥና ስም ነው፤ ገብረ መስቀል፣ የመስቀል አገልጋይ።

ነገሩ ሁሉ የሚቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ገብረ መስቀል የአንድ ንጉሥ ስም ብቻ አልነበረም። የካሌብ ልጅ በአክሱም በዚህ ስም ነገሠ። ላሊበላ፣ ሕዝብ በንብ ታሪክ የሚያውቀው ላሊበላ፣ የንግሥና ስሙ ገብረ መስቀል ነው። ከዛጉዌ በኋላ ከመጡት ዓምደ ጽዮንም፣ ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅም በዚሁ ስም ነግሠዋል። አክሱማውያን፣ ዛጉዌዎች፣ ሰሎሞናውያን በዘር ተከራከሩ፤ ማን ለዙፋኑ ይገባዋል በሚለው መጻሕፍት ጻፉ። ስሙን ግን ሦስቱም ቤቶች ተካፈሉት። በጀርመን «ገዢ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ተቀርጾ ከዘር ወደ ዘር ሲተላለፍ፣ በኢትዮጵያ «አገልጋይ» የሚለው ቃል ከዙፋን ወደ ዙፋን ተላለፈ። አውሮፓዊው ስሙን ይዞ ተወልዶ ይነግሣል፤ ኢትዮጵያዊው ሲነግሥ ስም ይቀበላል። የመጀመሪያው ውርስ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ኪዳን ነው።

ይህ ሁልጊዜ ጸንቶ ነበር ማለት ግን እውነትን ማሳመር ይሆናል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የንግሥና ስሙ መልክ ተለወጠ። ልብነ ድንግል ወናግ ሰገድ ተባሉ፤ አንበሳ የሰገደለት። ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ፣ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ፣ ታላቁ ኢያሱ አድያም ሰገድ ሆኑ። አገልጋይ የነበረው ስም አሁን ዳርቻንና ዓለምን የሚያሰግድ ሆነ። እነዚህ ስሞች ከሃይሚሪክ ጋር ይቀራረባሉ። አገሪቱ በጦርነት በተናጠችበት ዘመን ንጉሥ በስሙ ጉልበት ማሳየት እንደፈለገ መገመት አያስቸግርም።

የቁጥሩም ነገር እንዲሁ መታየት ያለበት ነው። በጀርመን ቱሪንጂያ ውስጥ ሮይስ የሚባል የመሳፍንት ቤት ነበር። በዚህ ቤት የሚወለድ ወንድ ሁሉ ሃይንሪሽ ነው። ታላቅም ታናሽም፣ የሚነግሥም የማይነግሥም፣ ሁሉም ሃይንሪሽ። ስለዚህ በቁጥር ይለያያሉ፤ የቤቱ አንዱ ቅርንጫፍ ደንብ እስከ መቶ ቆጥሮ እንደገና ከአንድ መጀመር ነበር፤ ሌላው በየመቶ ዘመኑ መባቻ ቁጥሩን ያድሳል። በ1918 የጀርመን መሳፍንት ሥልጣን ሲለቁ በሁለቱ ቅርንጫፎች ስም የቀሩት ሃይንሪሽ 24ኛና ሃይንሪሽ 27ኛ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ቁጥር የሚቆጠረው ቤተሰብን ለመለየት አይደለም። ሣህለ ማርያም ተብለው ክርስትና የተነሡት የሸዋው ልዑል በ1889 ዳግማዊ ምኒልክ ሲባሉ፣ በእርሳቸውና በቀዳማዊው መካከል በዚያ ስም የነገሠ የለም። ቀዳማዊው በክብረ ነገሥት የተጻፈው የንግሥት ማክዳና የሰሎሞን ልጅ ነው። «ዳግማዊ» የሚለው አንድ ቃል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሚዘልል ድልድይ ሆነ። ከእርሳቸው በፊት የቋራው ካሣ በ1855 በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ፍካሬ ኢየሱስ በዚያ ስም የሚጠራ ንጉሥ ይመጣል ስለሚል ነው። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ስም ሠራዊት ያህል ክብደት ነበረው።

ሁለቱ የስም ዓለሞች በተለያየ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። በ1399 ዳግማዊ ሪቻርድን ከዙፋን አውርዶ የነገሠው የእንግሊዙ ሄንሪ አራተኛ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1400፣ «ካህኑ ዮሐንስ» ለሚላቸው የሐበሻ ንጉሥ የተጻፈ ደብዳቤ አለው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዳዊት ናቸው። የዳዊትም መልእክተኛ በ1402 ነብሮችን ይዞ ቬኒስ ገብቷል።

በአድዋ ማግሥት ደግሞ ሌላ ሄንሪ መጣ። በ1897 ኦንሪ ዶርሌዓን የሚባለው የፈረንሳይ ልዑል አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ ዐፄ ምኒልክን ጎበኘ። ከዚያ ወደ ፓሪስ «ለ ፊጋሮ» ጋዜጣ በላካቸው ጽሑፎች በአድዋ የተማረኩትን ጣሊያናውያን ወኔ ዝቅ አድርጎ ጻፈ። ጣሊያኖች ተቆጡ። የጣሊያኑ ንጉሥ የወንድም ልጅ የሆነው የቱሪኑ ቆንት በሰይፍ እንጋጠም አለው፤ ነሐሴ 15 ቀን 1897 ፓሪስ አጠገብ ተጋጠሙ፣ ኦንሪም ቆስሎ ወደቀ። የአድዋ ጦርነት የመጨረሻ ደም የፈሰሰው፣ እንዲህ ማለት ከተቻለ፣ በፈረንሳይ ጫካ ውስጥ በሁለት መሳፍንት መካከል ነው። የቱሪኑ ቆንት አጎት ንጉሥ ኡምቤርቶ ይባላሉ፤ በውጫሌ ውል ላይ ስማቸው የተጻፈው እርሳቸው ናቸው። «በርት» ብሩህ ማለት ነውና ኡምቤርቶም ከዚያው ከጀርመናውያን የስም መጋዘን የወጣ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ግንኙነት ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዕለት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተፈሪ መኮንን ነገሡ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የላኩት ሦስተኛ ልጃቸውን፣ የግሎስተሩን መስፍን ነው። ሙሉ ስሙ ሄንሪ ዊልያም ፍሬድሪክ አልበርት፤ አራቱም ስሞች አንድ ሳይቀር ጀርመናዊ ናቸው። ጣሊያን የላከችው የኡዲኔ ልዑል ፈርዲናንዶ ነው፤ ስሙ የጎቶች ቅርስ ነው። ፈረንሳይ የላከችው ማርሻል ሉዊ ፍራንሼ ዴስፔሬን ነው፤ ሉዊ ሲመረመር ክሎድዊግ፣ በውጊያ ስመ ጥር፣ ይሆናል። በእንግሊዞቹ ጓድ ውስጥ ደግሞ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ በ1910 በዚሁ በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ ኋላ ታላቅ ተጓዥ የሆነው። ዊልፍሬድም ሰላምን የሚሻ ማለት ነው። የካቴድራሉ ቅጥር በዚያ ጠዋት የጥንት ጀርመናውያን የስም መዝገብ ይመስል ነበር።

በመካከላቸው የቆሙት ንጉሥ ግን ስማቸውን ለወጡ። ተፈሪ፣ የሚፈራ፣ የሚለውን የዕለት ስም ትተው በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። በፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ናቸው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደነበሩት። ከዚያም ላይ «ቀዳማዊ» የሚለው ተጨመረ። በእንግሊዝ ባሕል ሁለተኛ እስኪመጣ ድረስ አንደኛ አይባልም፤ ቪክቶሪያ ቪክቶሪያ ብቻ ናቸው። በአዲስ አበባ ግን ከነገሡበት ቀን ጀምሮ አንደኛ ተባሉ። በ1902 የንጉሡ አባት ራስ መኮንን የእንግሊዙን የኤድዋርድ ሰባተኛን ንግሥ ለማክበር ለንደን ሄደው ነበር። በ1930 የኤድዋርድ የልጅ ልጅ ሄንሪ የመኮንንን ልጅ ንግሥ ለማክበር አዲስ አበባ መጣ። ብድር ተመለሰ ማለት ይኼ ነው።

ስሙ ዛሬም አልሞተም። ከስምንተኛው ሄንሪ በኋላ፣ ስድስት ሚስቶች ካገባውና በ1534 ከሮም ቤተ ክርስቲያን ከተለየው በኋላ፣ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ ሄንሪ አልተቀመጠም። በ1984 የተወለደው ልዑል ሃሪ ግን የክርስትና ስሙ ሄንሪ ነው፤ ሃሪ የሄንሪ የቤት አጠራር ነው። በሉክሰምበርግ ታላቁ መስፍን ኦንሪ ከ2000 ጀምሮ ገዝተው በ2025 ጥቅምት ወር ሥልጣኑን ለልጃቸው ለጊዮም አስረከቡ። ጊዮምም ዊልያም ነው።

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ስሙ ቤቶች ማለት የሆነው ሰፈር ከቤቶቹ ተለየ። ከሰፈሩ ጋር አብረው ይጠሩ የነበሩ ስሞችም አሉ፤ መናኸሪያ፣ ቶታል፣ ሱፐርማርኬት እየተባለ ታክሲ ይጠራባቸው የነበሩ። በየቤቱ ደግሞ ከእነዚህ ይልቅ ለመጥፋት የቀረበ ስም አለ። የእናት፣ የአባት፣ የአያት የክርስትና ስም። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሕይወት፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የነፍስ አባትና እናት ብቻ ነው፤ ልጆች የሚሰሙት በፍትሐት ቀን ነው። አውሮፓ የሃይንሪሾቿን ስም በቁጥር መዝግባለች። እዚህ አዳራሽ ያላችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ የክርስትና ስማቸውን፣ የአያቶቻቸውን የፈረስ ስም፣ ይኖሩበት የነበረውን የመንደር ስም። ሰምታችሁ አትተዉት። ዓመተ ምሕረቱን ጨምራችሁ በደብተር ጻፉት።